ሊዮኒድ ካንቶሮቪች፤ ሕይወታቸውና ሥራቸው

በፋብሪካም ሆነ በመጋዘን፣ በመንገድ ሥራም ሆነ በማጓጓዣ ድርጅት የዕቅድ ኃላፊነት የተጣለበት ሰው ሁሉ በየዕለቱ የሚገጥመው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም መኪናው፣ ሠራተኛው፣ ጥሬ ዕቃውና ጊዜው የተወሰነ ሆኖ ሳለ የትኛውን ሥራ ለየትኛው መኪና ቢያከፋፍል ከሁሉ የበለጠ ውጤት እንደሚያገኝ ነው። ይህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን በልምድና በግምት ሲመለስ ኖሯል። በሒሳብ መንገድ እንዲመለስ ቀድመው ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ የሶቪየት ኅብረቱ ሊዮኒድ ቪታልየቪች ካንቶሮቪች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብልን።

ካንቶሮቪች ጃንዩወሪ 19 ቀን 1912 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ፤ ነገር ግን ልጃቸው ገና በ10 ዓመቱ ሳለ በ1922 ዐረፉ። ብላቴናው በ14 ዓመት ዕድሜ ሌኒንግራድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1930 በ18 ዓመቱ ትምህርቱን ፈጸመ። ከዚያ ወዲህ ብዙም ሳይቆዩ በ1934 ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን በቁ። በዚያን ጊዜ ስማቸው የታወቀው በንጹሕ የሒሳብ ምርምር እንጂ በፋብሪካ ሥራ አልነበረም።

በ1938 ግን የአንድ የኮምፔንሳቶ ትረስት ቤተ ሙከራ ችግሩን ይዞ ወደ እርሳቸው መጣ። ትረስቱ ግንድ የሚልጡ 8 መኪናዎችና 5 ዓይነት እንጨቶች ነበሩት። እያንዳንዱ መኪና ለእያንዳንዱ የእንጨት ዓይነት ያለው ፍጥነት የተለያየ ነበር። የአምስቱ ዓይነቶች መጠንም በተወሰነ ምጣኔ መጠበቅ ነበረበት። ታዲያ ሥራው እንዴት ቢደለደል ነው ምርቱ ከፍተኛ የሚሆነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ልምድ እንዴት እንደሚያሳስት በትንሽ ምሳሌ እንመልከት። አንደኛው መኪና በቀን ጠንካራ እንጨት 10፣ ወይም ለስላሳ እንጨት 20 ሜትር ኩብ ይልጣል እንበል። ሁለተኛው መኪና ደግሞ ጠንካራውን 20፣ ወይም ለስላሳውን 30 ይልጣል። የሚፈለገው ሁለቱ ዓይነቶች እኩል እንዲሆኑ ነው። ሁለቱም መኪናዎች ቀናቸውን እኩል ከፍለው ሁለቱንም ዓይነት ቢሠሩ 15 ጠንካራና 25 ለስላሳ ይገኛል፤ ከዚህም በእኩልነት የሚጣመረው 15 ብቻ ነው። ሁለተኛው መኪና ለስላሳውን በ30 ስለሚልጥ እርሱ ብቻ ይሠራው ቢባል፣ ከአንደኛው የሚገኘው ጠንካራ እንጨት 10 ስለሆነ ጥምሩ ወደ 10 ይወርዳል። አንደኛው ለስላሳውን፣ ሁለተኛው ጠንካራውን እንዲሠሩ ቢደረግ ግን 20 በ20 ይሆናል። ባሉት መኪናዎች፣ በዚያው ቀን፣ ምንም ወጪ ሳይጨመር ማለት ነው።

መኪናው 8፣ ዓይነቱ 5 ሲሆን ድልድሉን አንድ በአንድ እየሞከሩ ማወዳደር ከሰው አቅም በላይ ነው። ካንቶሮቪች ያገኙት ዘዴ ለእያንዳንዱ ምርት አንድ የዋጋ ቁጥር መስጠት ነበር። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ ለጠንካራው 7፣ ለለስላሳው 4 ነጥብ ብንሰጥ፣ አንደኛው መኪና በጠንካራው 70፣ በለስላሳው 80 ያገኛል፤ ሁለተኛው ደግሞ በጠንካራው 140፣ በለስላሳው 120 ያገኛል። ስለሆነም እያንዳንዱ ለራሱ የሚበልጠውን ቢመርጥ ትክክለኛው ድልድል በራሱ ይገኛል። ቁጥሮቹ ትክክል ካልሆኑም ምጣኔው የተዛባበትን ቦታ ስለሚያሳዩ እየታረሙ ይሄዳሉ። ይህን ዘዴ በ1939 የሌኒንግራድ ዩኒቨርሲቲ ባሳተመው ስለ ምርት አደረጃጀትና ዕቅድ የሒሳብ ዘዴዎች በሚናገር አነስተኛ መጽሐፍ ገለጹት። ዛሬ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የምንለው ትምህርት አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ወዲያው ጦርነት መጣ። ሌኒንግራድ በተከበበችበት በ1941 እና በ1942 ክረምት የከተማይቱ ስንቅ የሚገባው በበረዶ በጠጠረው በላዶጋ ሐይቅ ላይ ነበር። በወታደራዊ ምሕንድስና ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት ካንቶሮቪች ካሚዮኖቹ እንደ በረዶው ውፍረትና እንደ አየሩ ቅዝቃዜ ምን ያህል ተራርቀው መጓዝ እንዳለባቸው በስሌት ወሰኑ። በዚህ ድልድል ውስጥ ስሕተት ቢገባ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነበር።

በዚሁ ጦርነት መካከል፣ በ1942፣ ዘዴውን ከአንድ ፋብሪካ ወደ መላው የአገር ኤኮኖሚ የሚያሰፋ መጽሐፍ ጽፈው ለፕላን ባለሥልጣኖች አቀረቡ። ተቀባይነት ግን አላገኘም። ምክንያቱም የዕቃ ዋጋ ከተደከመበት ጉልበት ብቻ ይመነጫል በሚባልበት አገር፣ ከዕቃው እጥረት የሚመነጭ ዋጋ አለ ማለት የባላንጣን ትምህርት እንደ ማስተማር ተቆጠረ። በስታሊን ዘመን እንዲህ ያለ ነቀፌታ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ካንቶሮቪችም የኤኮኖሚ ጽሑፋቸውን በመሳቢያ አስቀምጠው ወደ ሒሳብ ምርምራቸው ተመለሱ፤ በ1949 የስታሊንን ሽልማት ያገኙትም በዚሁ በሒሳብ ሥራቸው ነው።

ሆኖም ተግባራዊውን ሥራ ፈጽመው አልተዉትም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በሌኒንግራድ የኢጎሮቭ የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ የብረት ሉሖች አቆራረጥ በስሌት እንዲመራና ብክነቱ እንዲቀንስ አደረጉ። ስለ አቆራረጡም ከቪክቶር ዛልጋለር ጋር ሆነው በ1951 መጽሐፍ አሳተሙ። ነገር ግን ፋብሪካዎች ለብረት ማቅለጫዎች የሚያስረክቡት ቁርጥራጭ ብረት ራሱ በዕቅድ የተወሰነ ስለነበር፣ ብክነትን የቀነሰ ድርጅት የቁርጥራጭ ዕቅዱን አላሟላም ተብሎ ይወቀስ እንደነበረ ይነገራል። ለሙያችን ከዚህ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ ማግኘት ያዳግታል። የተሳሳተ መለኪያ በተተከለበት ቦታ ትክክለኛ ስሌት ጥፋት መስሎ ይታያል።

ይህ በዚህ እንዳለ በአሜሪካን አገር ጆርጅ ዳንዚግ በ1947 ለአየር ኃይሉ ዕቅድ ሲሠሩ የሲምፕሌክስን ዘዴ አገኙ። በጦርነቱ ጊዜ የመርከቦችን ጭነት ድልድል ያጠኑ የነበሩት ቲያሊንግ ኩፕማንስም ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሰው ነበር። ኩፕማንስ የካንቶሮቪችን ቀዳሚነት ባወቁ ጊዜ ነገሩን በመደበቅ ፈንታ የ1939ኙ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ1960 እንዲታተም ረዱ። በአገራቸውም ከስታሊን ሞት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የ1942ቱ መጽሐፍ ከ17 ዓመት በኋላ በ1959 ታተመ። ካንቶሮቪች በ1964 የሳይንስ አካዳሚ ሙሉ አባል ሆኑ፤ በ1965 ከኔምቺኖቭና ከኖቮዢሎቭ ጋር የሌኒንን ሽልማት ተቀበሉ። በ1975ም ከኩፕማንስ ጋር በኤኮኖሚክስ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ኤፕሪል 7 ቀን 1986 በ74 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ የአውሮፕላን በረራ፣ የነዳጅ ማጣሪያ፣ የባቡር ጭነትና የፋብሪካ ፈረቃ በዚህ ዓይነት ስሌት ይደለደላሉ። በእኚህ ሰው ዘመን ስሌቱ በወረቀትና በእርሳስ ይሠራ ነበር፤ አሁን ኮምፒዩተር በአንድ አፍታ ይጨርሰዋል። ኮምፒዩተር የማይሠራው ግን ካንቶሮቪች በኮምፔንሳቶው ፊት የሠሩትን የመጀመሪያውን ሥራ ነው። እርሱም ያለውን በትክክል መቁጠር፣ የሚፈለገውን በግልጽ መወሰን፣ ውጤቱም የማያስደስት ቢሆን እንኳ እንዳለ ማቅረብ ነው። በዕቅድ ሙያ የተሰማራን ሁሉ ከሕይወታቸው የምንወርሰው ይህንኑ ነው።