ልዕልት ፀሐይና የአስታማሚ እጅ

የወረኢሉ ስም በታሪክ የሚነሣው በክተት ነው። በ1888 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ ሲያስነግሩ፥ ሠራዊታቸው በጥቅምት ወር እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲገናኛቸው አዝዘው ነበርና፥ ከዚያ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዐድዋ ስለ ተጓዘው ጦር ሁላችንም ከተማሪ ቤት ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ስለ ዘማቹ ብዙ ተጽፏል፤ ቈስሎ ስለ ተመለሰውና ቁስሉን አጥቦ ስላዳነው ሰው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ከዚህ ከተረሳው ወገን የአንዲቱን ሴት ታሪክ ነው።

በቅርቡ ለሥራ ጉዳይ ወደ ወረኢሉ ወጥተን ሳለን በአንድ ቤት ለቡና ተጠርተን ነበር። ስኒውን የምታድለው ዕድሜዋ ዐሥር ዓመት ያህል የሚሆን ልጅ ስትሆን፥ ለአንዳችንም ቀና ብላ አልሰጠችንም። በመጀመሪያ ዐይነ አፋር መስላን ነበር፤ በኋላ ስናስተውል ግን ቀና ማለት የማትችል ሆና አገኘናት። በሕፃንነቷ ምድጃ ላይ ወድቃ አንገቷ ተቃጥሎ ኖሮ፥ ጠባሳው አገጯን ወደ ደረቷ ስቦ ይዞታል። አያቷ እንደ ነገሩን ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አንድ ከተማ ሐኪም ቤት ተወስዳ ነበር። ሐኪሙ ጠባሳውን ቈርጦ፥ ከጭኗ በገፈፈው ቆዳ ሸፍኖ፥ አንገቷን አቅንቶት ነበር። ነገር ግን አጨዳ ደረሰ፤ የያዙት ገንዘብም አለቀ፤ ስለዚህ ቀኑ ሳይሞላ ይዘዋት ወጡ። ሌት ተቀን እንዲደረግላት የታዘዘው የአንገት ድጋፍም ልጅቱ አለቀሰች ተብሎ ተወለቀ። ድጋፉ ለምን እንደሚያስፈልግ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። በጥቂት ወራት ውስጥ አዲሱ ቆዳ እየተጨማደደ አንገቷን መልሶ አጐበጠው። የሐኪሙ ሥራ መልካም ነበር፤ የጐደለው ማስታመሙ ነው።

ከዚያ ቤት ወጥተን ስንሄድ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ትዝ አሉን። እናታቸው እቴጌ መነን አስፋው ከአምባሰል የወጡ፥ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ስለ ነበሩ፥ ልዕልቲቱ በእናታቸው በኩል የወሎ ልጅ ናቸው። ቅድመ አያታቸው ሚካኤል ራስ በነበሩበት ዘመን የወሎን ጦር እየመሩ ዐድዋ ላይ ተዋግተዋል። የልጅ ልጃቸው ልጅ ደግሞ ሌላ ዓይነት ዘመቻ መረጡ፤ እርሱም የነርስነት ሙያ ነበር።

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ናቸው። በዚያ ዘመን የትልቅ ሰው ልጅ የሕመምተኛ መግል ታጥባለች፥ ሰገራ ትደፋለች ብሎ የሚያስብ አልነበረም። በሽተኛን ማስታመም የእናት፥ የሚስትና የገረድ ሥራ እንጂ ትምህርት የሚጠይቅ ሙያ መሆኑ በአገራችን ገና አልታወቀም ነበር።

ልዕልቲቱ ወደዚህ ሥራ የቀረቡት በጦርነት ምክንያት ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ሲወር፥ ከእናታቸው ከእቴጌ መነን ጋር ሆነው በሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ለዘማቹ ፋሻ፥ ልብስና የጋዝ መከላከያ ጭምብል ሲያዘጋጁ ከረሙ። በኅዳር ወር ደሴ ከአየር ስትደበደብ በከተማዋ የነበረው ሐኪም ቤት እንኳ የቀይ መስቀል ምልክቱ አላዳነውም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው መርዝ ከአውሮፕላን ይረጭ ጀመር። ይህ መርዝ ዘይት መሰል ፈሳሽ ሲሆን፥ የነካው ሰው ወዲያውኑ ሕመም አይሰማውም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ቆዳው ቀልቶ ውኃ ይቋጥራል፥ ይላጣል፥ ዐይኑም ያብጣል። ባዶ እግሩን በረጠበው ሣር ላይ የሚሄድ ወታደርና የአገር ሰው እግሩ እስከ ጉልበቱ ይላጥ ነበር። እንዲህ ያለ ቁስል በየቀኑ መታጠብ፥ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና ለረጅም ጊዜ መጠበቅ ይፈልጋል። አገሪቱ ግን የነበሯት ሐኪሞች ጥቂት፥ የሠለጠኑ አስታማሚዎች ደግሞ ከዚያም ያነሱ ነበሩ።

ንጉሣዊው ቤተ ሰብ በሚያዝያ ወር መጨረሻ ወደ ስደት ወጥቶ እንግሊዝ አገር ከገባ በኋላ ልዕልት ፀሐይ ብዙ አልቈዩም። በዚያው ዓመት ክረምት፥ ገና ዐሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው፥ በለንደን በታወቀው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ለነርስነት ትምህርት ገቡ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የአዲስ ተማሪ ሥራ አልጋ ማንጠፍ፥ ወለልና ዕቃ ማጽዳት፥ ሕፃናትን ማጠብና መመገብ ነበር። ሦስት ዓመት ተምረው በነሐሴ ወር 1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራው ጠባይ ጥቂት ማብራራት ይገባናል። በዚያ ሆስፒታል ከሚሠሩት ሐኪሞች አንዱ ዴኒስ ብራውን ሲሆን፥ ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ የሚወለዱትን ሕፃናት በመስፋት የታወቀ ነበር። ቀዶ ሕክምናው በጥቂት ጊዜ ያልቃል፤ የነርሷ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ሕፃኑ እጁን ወደ ስፌቱ እንዳይሰድ ክንዱ እንዳይታጠፍ ይደረጋል። ጡት በመጥባት ፈንታ በማንኪያ ቀስ እያለ ይመገባል። ከወተቱ በኋላ ውኃ ይሰጠዋል፥ በስፌቱ ላይ የሚደርቀው ደምና ንፍጥም በእርጥብ ጥጥ ይጠረግለታል። ልቅሶ ስፌቱን ስለሚወጥረው፥ ነርሷ ሕፃኑ ሳያለቅስ በፊት ማንሣት አለባት። አንድ ሌሊት ብትዘናጋ የሐኪሙ ስፌት ሊበጠስ ይችላል።

ልዕልቲቱ ከዚህ በኋላ ወደ ጋይስ ሆስፒታል ተዛውረው ሙያቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ነበርና እንግሊዝ አገር በአየር ድብደባ በተቃጠሉ ሰዎች ተሞላች። የተበላሸ ፊትና የተቃጠለ እጅ መልሶ የሚሠራው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሃሮልድ ጊሊስ እጅ በሲድካፕ አድጎ ነበር፤ አሁን ደግሞ የሥጋ ዘመዱ አርችባልድ ማኪንዶ ኢስት ግሪንስቴድ በምትባል ትንሽ ከተማ የተቃጠሉትን የአውሮፕላን ነጂዎች ያክም ጀመር። ሁለቱም አንድ ነገር ተረድተው ነበር፤ ይኸውም ያለ ነርስ ሥራቸው ከንቱ መሆኑን ነው። በሲድካፕ ቁስለኛው ፊቱን አይቶ ተስፋ እንዳይቈርጥ መስተዋት ከክፍሉ ተከለከለ። በኢስት ግሪንስቴድ የተቃጠለው ሰው በጨው ውኃ ይነከር ነበር፤ የከተማው ሕዝብም ቁስለኞቹን አፍጥጦ ሳያይ እንደ ማንኛውም ሰው እንዲቀበላቸው ተደረገ።

ለወረኢሉዋ ልጅ የተደረገላት ዓይነት የቆዳ ንቅለ ተከላ ምን ዓይነት ጥበቃ እንደሚፈልግ እንመልከት። ከጭን ተገፎ በቁስሉ ላይ የተለጠፈው ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ከሥሩ ካለው ሥጋ እየመጠጠ ይቈያል፥ ቀስ በቀስም ጥቃቅን የደም ሥሮች ይገቡበታል። በዚህ ጊዜ ቆዳው ከቦታው ጥቂት እንኳ ቢንሸራተት፥ ወይም በሥሩ ደም ወይም ውኃ ቢቋጥር ይሞታል። ስለዚህ ነርሷ አካሉ እንዳይንቀሳቀስ ታደርጋለች፤ ፋሻውም ያለ ሐኪሙ ትእዛዝ እንዳይፈታ ትጠብቃለች፥ የሽታና የትኩሳትንም ምልክት ትከታተላለች። ቆዳው የተገፈፈበት ጭን ከአንገቱ ይልቅ ስለሚያም ለእርሱም ታስባለች። ከሌላ ቦታ ሥጋና ቆዳ ከነደም ሥሩ ተዛውሮ ከሆነ ደግሞ በየሰዓቱ መልኩን ታያለች። ከገረጣ ደም አልገባም ማለት ነው፤ ከጠቈረ ደግሞ የገባው ደም መውጫ አጥቷል። በሁለቱም ሐኪሙን በዚያው ሰዓት መጥራት አለባት፤ እስኪነጋ ቢጠበቅ ሥጋው ይሞታልና።

ቆዳው ከያዘ በኋላም ሥራው አላለቀም። የተቃጠለ ሰው ሕመሙ የሚቀልለት አንገቱን ደፍቶ፥ ክንዱን አጥፎ ሲተኛ ነው፤ ጠባሳው የሚደርቀውም በዚያው አኳኋን ነው። ስለዚህ ለወራት ድጋፍ ማድረግ፥ ቆዳውን በቅባት ማሸትና አንገቱን ማላመድ ያስፈልጋል። እንቁላል፥ ወተት፥ ምስርና ሽሮ ለቁስሉ መዳን ከመድኃኒት የማይተናነስ ጥቅም አላቸው። ይህን ሁሉ ለእናትና ለአያት የምታስተምረው ነርሷ ናት።

ወደ ልዕልት ፀሐይ ታሪክ እንመለስ። አገራቸው ነፃ ከወጣች በኋላ ይህን ሙያ ይዘው ተመለሱ። በሚያዝያ ወር 1934 ዓ.ም. ሌፍተናንት ኮሎኔል ዐቢይ አበበን አግብተው ወደ ወለጋ፥ ወደ ለቀምት ሄዱ። ነገር ግን ጊዜው አጭር ሆነ። ከሠርጋቸው አራት ወር ሳይሞላ፥ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በወሊድ ጠንቅ በለቀምት ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሃያ ሦስት አልሞላም ነበር። ሥጋቸውም በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም ዐረፈ። ሕፃናትን ማስታመም በትልቅ ሆስፒታል የተማሩት ሴት፥ የብዙ ሺህ የአገራችንን እናቶች በሚገድለው በዚያው ጠንቅ መሞታቸው እጅግ ያሳዝናል።

ከሞታቸው በኋላ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ከሌሎች ጋር ገንዘብ አሰባስበው፥ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ። በውስጡም የነርሶች ትምህርት ቤት ነበረበት። ይህ ሆስፒታል በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል።

በ1959፥ በዚያው በፈረንጆች አቈጣጠር፥ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ወደዚህ ሆስፒታል መጡ። በዚያም ለቀናት በምጥ ሲሠቃዩ ቈይተው የፊኛቸው ግድግዳ የተበሳ፥ ሽንታቸው ሳያቋርጥ የሚፈስስ፥ ባልና ጐረቤት የሸሻቸው ሴቶች አገኙ። ይህ ሕመም ፊስቱላ ይባላል። ሐኪሞቹ የተቀደደውን አካል መልሰው መሥራትን በዚያ ጀመሩ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ለዚሁ ሥራ ብቻ የቆመ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ከፈቱ። በወሊድ ጠንቅ የሞቱት ልዕልት ስም የተጻፈበት ቤት በወሊድ የተጐዱ ሴቶች የሚድኑበት ሆነ።

እዚህም ላይ የአስታማሚዋ እጅ ወሳኝ ነው። ከፊስቱላ ቀዶ ሕክምና በኋላ ፊኛዋ እንዳይሞላ ለሁለት ሳምንት ያህል የሽንት ቱቦ ይደረግላታል። ቱቦው ከተደፈነ ወይም ከታጠፈ ፊኛው ይወጠርና ስፌቱ ይከፈታል። ስለዚህ ቱቦው እየፈሰሰ መሆኑ ሌሊትም ቢሆን ይታያል፤ ሴቲቱ ብዙ ውኃ እንድትጠጣ፥ አልጋዋም ደረቅ እንዲሆን ይደረጋል። ይህን ሥራ በደንብ የያዙት ራሳቸው ታክመው የዳኑ ሴቶች ነበሩ። ከነዚህ አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ገና በወጣትነታቸው፥ ፊደል ሳይቈጥሩ፥ ታማሚ ሆነው ወደዚሁ ሆስፒታል መጡ፤ ከዳኑ በኋላ አልጋ በማንጠፍና ነርሶችን በመርዳት ጀመሩ፤ ቀጥሎ ለሐኪሞቹ መሣሪያ ያቀብሉ ነበር፤ በመጨረሻም ራሳቸው ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሆኑ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1989 ከሐምሊን ባልና ሚስት ጋር የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። የአስታማሚነት ሙያ ሰውን ከየት አንሥቶ የት እንደሚያደርስ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘንም።

ዛሬ ከወረኢሉም ሆነ ከመካነ ሰላም ደጋ ተነሥቶ ሐኪም ዘንድ መድረስ እንደ ቀድሞው የብዙ ቀን የእግር ጉዞ አይደለም። በአዲስ አበባም የየካቲት 12 ሆስፒታል የተቃጠሉ ሰዎች የሚታከሙበት፥ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምናም የሚሠራበት ክፍል አለው። ነገር ግን የሐኪም ቤት መኖር ብቻውን አይበቃም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ሁሉ፥ ማስታመሙን ያቋረጠም መድኃኒቱን እንዳላገኘ ይቈጠራል።

ለወረኢሉዋ አያት የነገርናቸው ይህንኑ ነው። የተጨማደደ ጠባሳ እንደገና ሊሠራ ይችላልና ልጅቱን መልሰው እንዲወስዷት፤ ከአጨዳና ከዘር ወቅት ውጭ የሆነ ጊዜ እንዲመርጡ፤ አብሯት የሚቈይ ዘመድ አስቀድመው እንዲያዘጋጁ፤ ከመውጣታቸውም በፊት ነርሷ የድጋፉን አደራረግ በእጃቸው እያሠራች እንድታሳያቸው እንዲጠይቁ መከርናቸው። ልጅቱ ብታለቅስም እንዳያወልቁት አደራ አልን። እርሳቸውም ልጅቱን አጠገባቸው አስቀምጠው አንገቷን በእጃቸው እየዳሰሱ፥ ገበሬው አጨዳውን እንደ ጨረሰ እንደሚሄዱ ነገሩን። በየሐኪም ቤቱ ያሉ ነርሶቻችንም እንዲህ ያለች አያት ስትመጣባቸው የጥቂት ደቂቃ ትምህርት እንዳይነፍጓት በዚህ አጋጣሚ እናሳስባለን።