የቁርጥማት ሕመምተኛው የልብ ሐኪም

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ደጋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከጮቄ በኩል የሚመጣው የክረምት ብርድ ልብስ አልፎ አጥንት ድረስ ይሰማል። በዚህ አገር ጠዋት ሲነሣ ጣቱ አልጨበጥ ያለው፣ አንጓው ያበጠበት ሰው ምን ሆንክ ቢሉት መልሱ ቅርብ ነው፤ ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው ይላል። ቅባት ይቀባል፣ በፎጣ ይጠቀልላል፣ ሲብስበት ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ገዝቶ ይውጣል። ቁርጥማት ከምንለው ሕመም የተወሰነው ግን ብርድ ያመጣው አይደለም። የሰውነት የመከላከያ ኃይል ጀርምን ትቶ የገዛ አካሉን ሲወጋ የሚመጣ ነው። ጉዳቱም አንጓ ላይ አይቆምም፤ የልብን ጡንቻ እስከሚመግቡት የደም ቧንቧዎች ይዘልቃል። አንጓ የሚያጠቃውን በሽታ በገዛ እጃቸው፣ የልብ ቧንቧ በሽታን ደግሞ በሕመምተኞቻቸው ያዩ አንድ አፍሪካዊ ሐኪም ነበሩ። በዛሬው አምዳችን የእርሳቸውን ሕይወት እናወጋለን።

ዶክተር ክርስቲያን በርናርድ የተወለዱት እ.ኤ.አ በ1922 በደቡብ አፍሪካ፣ ካሩ በሚባለው ደረቅ ምድር በምትገኘው ቦፎርት ዌስት ከተማ ነው። አባታቸው የክልሶች ምዕመናን ቄስ ስለነበሩ ቤተሰቡ ሀብት አልነበረውም። አብርሃም የሚባል ወንድማቸው በሕፃንነቱ በልብ ሕመም ሞቷል። ክርስቲያን በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ በ1945 ተመረቁ፤ ለጥቂት ጊዜም በትንሽ የገጠር ከተማ ሠሩ። እ.ኤ.አ በ1955 መጨረሻ ላይ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አቀኑ። በዚያን ጊዜ ልብን ከፍቶ መጠገን ገና አዲስ ሙያ ነበር። ሚኒሶታ ደግሞ ሙያው ከተወለደባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ወጣቱ ሐኪም የልብ ቀዶ ሕክምናን ባዩ ጊዜ የሕይወት መንገዳቸውን አገኙ።

መንገዱን ባገኙበት ጊዜ ግን እጃቸውን ማመም ጀመረ። እ.ኤ.አ በ1956 ሩማቶይድ አርትራይተስ እንዳለባቸው ተነገራቸው። ዕድሜያቸው ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ነበር። ለገበሬ እጁ እንደሆነው ሁሉ ለቀዶ ሐኪምም ጣቱ እንጀራው ነው። እርሳቸው ደግሞ ጣት የሚያጣምም፣ አንጓ የሚያደርቅ፣ ፈውስ ያልተገኘለት በሽታ ይዘው የሰው ልብ ሊሰፉ ተነሡ።

ይህ በሽታ የአንጓ ሽፋንን፣ ጅማትንና ሌሎች አካልን እርስ በርስ የሚያያይዙ ክፍሎችን ከሚያጠቁት በሽታዎች አንዱ ነው። ሉፐስና ቆዳ የሚያደርቀው ስክሌሮደርማም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በሥራ ብዛት ከሚመጣ የጉልበት ሕመም የሚለይባቸው ምልክቶች አሉት። ሁለቱንም እጅ በአንድነት ይይዛል፤ ጠዋት ጣት ለመላላት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ሳምንታት አልፈውም አይለቅም። ድካምና የሰውነት ክብደት መቀነስም አብረውት ሊመጡ ይችላሉ። ብርድ ሕመሙን ያባብሰው ይሆናል እንጂ አያመጣውም።

በርናርድ በታመሙባት በዚያችው የሚኒሶታ ግዛት፣ ማዮ ክሊኒክ በተባለው ሆስፒታል፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ፊሊፕ ሄንች የተባሉ ሐኪም ኮርቲሶን ከአልጋ የማይነሡ የአርትራይተስ ሕመምተኞችን ሲያስነሣ አይተው ነበር። ለዚህም እ.ኤ.አ በ1950 የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ተመራማሪዎች ጋር ተጋርተዋል። ዛሬ ፕሬድኒሶሎን እያልን የምንወስደው ኪኒን የዚያው መድኃኒት ዘመድ ነው። ቆይቶ ግን ሌላ ገጽታውም ታየ። ኮርቲሶን በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የደም ግፊትን፣ ስኳርንና የደም ቅባትን ከፍ ያደርጋል፤ አጥንት ያሳሳል፤ ሰውነትን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። በዚያ ዘመን ለሕመምተኛው የቀረበለት ምርጫ ከዚህና በብዛት ከሚወሰድ አስፕሪን ብዙም አያልፍም ነበር።

በርናርድ እ.ኤ.አ በ1958 የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሚሠራ መሣሪያ ይዘው ወደ ኬፕታውን ተመለሱ። ግሩት ሹር በተባለው ሆስፒታል ልብ ከፍቶ የመጠገን ሥራ ጀመሩ። ዘጠኝ ዓመት ያህል በዚህ ሥራ ከቆዩ በኋላ ዓለም በአንድ ሌሊት ስማቸውን ያወቀበት ቀን መጣ።

ኅዳር 23 ቀን 1960 ዓ.ም ነው፤ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ዲሴምበር 3 ቀን 1967። ሉዊስ ዋሽካንስኪ የተባሉ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ የግሮሰሪ ነጋዴ ልባቸው አልቆ ነበር። የልባቸው የደም ቧንቧዎች በመጥበባቸው በተደጋጋሚ ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጥሟቸዋል፤ የስኳር በሽታም ነበረባቸው። በመኪና አደጋ ሕይወቷ ካለፈ ወጣት ሴት የተወሰደው ልብ በእርሳቸው ደረት ውስጥ ተተክሎ መታ። ከሰው ወደ ሰው የተደረገ የመጀመሪያው የልብ ንቅለ ተከላ ነበር። አፍሪካ ውስጥ መሆኑ በጊዜው ብዙዎችን አስደንቋል፤ ዛሬም ሊረሳ አይገባም።

ልቡን መስፋት ግን ከሥራው ግማሹ ብቻ ነበር። የሰውነት የመከላከያ ኃይል ባዕድ ነው ብሎ አዲሱን ልብ እንዳይወጋው በኮርቲሶን ዓይነት መድኃኒቶችና በአዛታዮፕሪን ማዳከም ያስፈልግ ነበር። አዛታዮፕሪን ዛሬም ለሉፐስ ሕመምተኞች የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የዋሽካንስኪ አዲሱ ልብ በደንብ ይመታ ነበር። ነገር ግን መከላከያው የተዳከመው ሰውነታቸው የሳንባ ምች ገባበትና በ18ኛው ቀን አረፉ።

ከአንድ ወር በኋላ ፊሊፕ ብላይበርግ የተባሉ የጥርስ ሐኪም ሌላ ልብ ተተከለላቸው። ልቡ የአንድ ወጣት ክልስ ነበር፤ ብላይበርግ ነጭ ናቸው። በአፓርታይድ ዘመን ሁለቱ በአንድ ወንበር አብረው መቀመጥ ባልተፈቀደላቸው ነበር። ብላይበርግ 19 ወራት ያህል ኖሩ፤ ቤታቸው ገቡ፣ መኪና ነዱ። እ.ኤ.አ በኦገስት 1969 ካረፉ በኋላ አስከሬናቸው ሲመረመር ሐኪሞች ያልጠበቁትን አዩ። ከ24 ዓመት ወጣት የመጣው ልብ የደም ቧንቧዎቹ እንደ ሽማግሌ ቧንቧ ጠብበው ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ወጣት የነበረ ቧንቧ በሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ እንዲህ የሚጠበው ለምንድን ነው? በተተከለ ልብ ላይ ዋናው ተጠያቂ ቧንቧውን ሳያቋርጥ የሚወጋው የመከላከያ ኃይል መሆኑን ሐኪሞች ኋላ ላይ ተረዱ። መንገዱ አንድ ዓይነት ባይሆንም በሩማቶይድ አርትራይተስና በሉፐስም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ለዓመታት የማይበርድ ብግነት የቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ያቆስላል፤ ቅባት በቁስሉ ላይ ቶሎ ይጋገራል፤ ደምም በቀላሉ ይረጋል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው በልብ ቧንቧ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ሉፐስ ላይ ደግሞ ይብሳል። በአሜሪካ ፒትስበርግ ተደርጎ እ.ኤ.አ በ1997 የታተመ ጥናት ከ35 እስከ 44 ዓመት ያሉ ሉፐስ ያለባቸው ሴቶች በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከእኩዮቻቸው ከ50 እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ደረቴን ጨነቀኝ ብትል ልብ ነው ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሕክምናው ሁለት እግር አለው። አንደኛው ለማንኛውም የልብ ቧንቧ ሕመምተኛ የሚሰጠው ነው፤ አስፕሪን፣ ስታቲን የሚባለው የቅባት መድኃኒት፣ የግፊት መድኃኒት፣ ሲያስፈልግም ጠባቡን ቧንቧ በስቴንት ማስፋት ወይም በቀዶ ሕክምና ሌላ መንገድ መቀጠል። ሁለተኛው ብግነቱን ማብረድ ነው። ሜቶትሬክሴትና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለዚህ ይውላሉ። ፕሬድኒሶሎን ካስፈለገም በሚበቃው ዝቅተኛ መጠን ይሰጣል፤ ሲቆምም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በድንገት አይተውም። በጾም ወቅት የጠዋቱን ኪኒን የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው። ጾሙን ሳይፈቱ የሚወሰድበት ሰዓት ሊገኝ ስለሚችል አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። ሜቶትሬክሴት የምትወስድ ሴት ደግሞ ማርገዝ የለባትም፤ ካሰበችም ቀደም ብላ ለሐኪሟ ትንገር።

ሁለቱ ሕክምናዎች የሚጋጩበት ቦታም አለ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለአንጓ ሕመም ፋታ ይሰጣሉ፤ ለታመመ ልብ ግን አደጋ ናቸው። አይቡፕሮፌን ደግሞ ለልብ የታዘዘውን አስፕሪን ሥራ ሊያስተጓጉል ይችላል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው እነዚህን ያለ ሐኪም ፈቃድ በየቀኑ መዋጡ ወይም በመርፌ መወጋቱ በጣም ያሳስበኛል። በብርድ ጊዜ ጣታቸው የሚነጣና የሚጠቁር ሰዎችም አሉ፤ በደጋው አገር ይህ ሥቃይ ነው። ልብን ከሚያዘገዩት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ይህን ስለሚያብሱ ምልክቱን ለልብ ሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

በእነዚህ ሕመምተኞች ላይ የልብ በሽታ አንዳንድ ጊዜ የተለመደው የደረት ሕመም ሳይኖር ይመጣል። ዳገት ሲወጡ የማያውቁት ትንፋሽ ማጠር፣ ያለምክንያት ዝለት፣ የመንጋጋ ወይም የክንድ ሕመም ከታየ ጤና ጣቢያ ወይም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሄዶ መመርመር ይገባል። ግፊት መለካት፣ የደም ስኳርና ቅባት መመርመር፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ማድረግ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ቧንቧውን በቀጥታ የሚያሳየው ምርመራ ካስፈለገ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ ሊያስፈልግ ስለሚችል ጊዜ ማባከን አይገባም።

አንድ ነገር ላስታውስ። በልጆች ላይ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው፣ ከአንጓ ወደ አንጓ የሚዘዋወረው ቁርጥማት ሌላ በሽታ ነው። እርሱ የሚያጠቃው የልብን በሮች ነው። እንጥል ማስቆረጥ አያድነውም፤ የሚከላከለው የጉሮሮ ሕመሙን በጊዜ ማከም፣ አንዴ ከያዘ ደግሞ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ አለማቋረጥ ነው።

ወደ በርናርድ እንመለስ። ዝናው ብዙ ነገር አምጥቶባቸዋል። ሦስት ጊዜ አግብተው ፈትተዋል። እ.ኤ.አ በ1986 ቆዳን ከእርጅና ይመልሳል የተባለ ውድ ቅባት በስማቸው ሲተዋወቅ መፍቀዳቸው የሙያ ክብራቸውን ጎድቶታል፤ እኔም ባያደርጉት ይሻል ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ። በቀዶ ሕክምናው ግን በታመመ እጅ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሠርተዋል። እ.ኤ.አ በ1983 ጣቶቻቸው እንቢ አሏቸውና ቢላቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ከአርትራይተስ ጋር ስለመኖር ለሕመምተኞች መጽሐፍ ጻፉ፤ ስለ ልብ ጤናም ጽፈዋል።

እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2001 በቆጵሮስ ለዕረፍት በሄዱበት በ78 ዓመታቸው አረፉ። የልብ ሐኪሙ በልብ ሕመም ሞቱ የሚል ዜና መጀመሪያ በዓለም ተሰራጨ። አስከሬናቸው ሲመረመር ግን የገደላቸው ከባድ የአስም ሕመም ሆኖ ተገኘ።