ጉባኤውን ትቶ ወደ አትክልቱ የተመለሰው አባት
የቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በሰው ቤት የምትሠሩም፣ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ የምትደክሙም፣ ማታ ጋደም ስትሉ መጀመሪያ የምታነሡት ስልካችሁን ነው። ከአገር ቤት ምን ተሰማ? መንገዱ ተከፈተ ወይስ ተዘጋ? እናቴ ያለችበት አካባቢ ሰላም ነው? አንዱን ወሬ ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል። እንቅልፍ ይሸሻል፣ ጸሎቱም ሳይደርስ ይነጋል። ይህ ጭንቀት ከፍቅር የመጣ ነውና ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ሌሊት ሁሉ ሲናወጥ ያደረ ልብ ለራሱም ለአገሩም አይተርፍም። ስለዚህ ዛሬ ሁከት በበዛበት ዘመን ኖሮ ልቡን በጸሎት፣ በመጽሐፍና በአትክልት ሥራ ያሳረፈ የአንድ አባት ሕይወት እንመለከታለን።

እርሱም ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነው። ነባቤ መለኮት ማለት ስለ መለኮት የተናገረ ማለት ነው። በሃይማኖተ አበው ትምህርታቸው ከተሰበሰበላቸው ሊቃውንት አንዱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

❖ ልጅነቱና ትምህርቱ

ጎርጎርዮስ በ329 ገደማ በቀጰዶቅያ ተወለደ፤ አገሩ ዛሬ በቱርክ መካከል ይገኛል። የተወለደው ናዚያንዙ ከተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ አርያንዝ በሚባለው የቤተሰቡ ርስት ነው። እናቱ ቅድስት ኖና በጸሎትና በትዕግሥት ባሏን ወደ ክርስትና ያመጣች ሴት ነበረች። በዚያ ዘመን ባለ ትዳርም ለኤጲስ ቆጶስነት ይመረጥ ስለነበር አባቱ ኋላ የናዚያንዙ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ወንድሙ ቄሳርዮስ ሐኪም ሆነ፤ ጎርጎንያ የምትባል እኅትም ነበረችው።

ጎርጎርዮስ ከልጅነቱ ጀምሮ መጽሐፍ ወዳድ ነበር። በቀጰዶቅያ ቂሳርያ ጀምሮ በፍልስጥኤም ቂሳርያ፣ ከዚያም በእስክንድርያ፣ በመጨረሻም በአቴና ተማረ። ወደ አቴና ሲሻገር መርከባቸው ለብዙ ቀናት በማዕበል ተመታች። ገና አልተጠመቀም ነበርና ሳይጠመቅ እንዳይሞት እያለቀሰ ራሱን ለእግዚአብሔር ተሳለ። አቴና ሲደርስ ከቅዱስ ባስልዮስ ጋር በፍቅር ተሳሰረ። ሁለቱ የሚያውቁት ሁለት መንገድ ብቻ ነበር፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ወደ ትምህርት ቤት የሚወስድ። በ355 በዚያው ከተማ ዩልያኖስ የሚባል የንጉሥ ዘመድ ይማር ነበር። ይህን ስም ያዙት፣ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

❖ ጎመን ያልበቀለበት ጓሮ

ባስልዮስ ትምህርቱን ጨርሶ በጳንጦስ አገር፣ በኢሪስ ወንዝ ዳር፣ ጫካ በከበበው ስፍራ በምንኩስና ተቀመጠ። ጎርጎርዮስንም ጠራው። ጎርጎርዮስ የሸመገሉ ወላጆቹን የሚጦር ሰው ነበርና ሁልጊዜ አብሮት ሊኖር አልቻለም፤ ሆኖም ሄዶ ከእርሱ ጋር የተወሰነ ጊዜ ኖረ።

ያ ጊዜ ሰላም የሰፈነበት አልነበረም። የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዲዮስ በዙፋን ላይ ሆኖ የአርዮስን ወገን ይደግፍ ነበር። ጳጳሳት ይሰደዱ፣ ጉባኤዎችም በንጉሥ ማስፈራሪያ ይወስኑ ነበር። በዚህ መካከል ሁለቱ ወዳጆች ዶማ አነሡ።

ጎርጎርዮስ ኋላ ለባስልዮስ በላከው ደብዳቤ ስለዚያ ኑሮ እየቀለደ ጽፏል። ጎጆው ጣሪያና በር አልነበረውም፤ ምድጃው እሳት አያውቅም ነበር። ዳቦው ከመድረቁ የተነሣ ጥርስ ያንሸራትት ነበር። አትክልት የሚሉት ጓሮም ለወጥ የሚሆን ቅጠል አላበቀለም። ከቤት ጠርገው ያወጡትን ፍግ በጋሪ እየጎተቱ አፈሩን ያዳብሩት ነበር። በሬው እነርሱ ነበሩ፤ በአንገታቸውና በእጃቸው ላይ የጋሪው ጠባሳ ቀረ። የባስልዮስ እናት ፈጥና ባትደርስላቸው ኖሮ በረሃብ ያልቁ እንደነበር ያስታውሳል።

ቀልዱን ከጨረሰ በኋላ ግን ሌላ ደብዳቤ ጻፈ፤ በዚህኛው ናፍቆቱን አልደበቀም። የናፈቀው መዝሙሩን፣ ሌሊት መቆሙን፣ መጻሕፍት ቅዱሳትን አብሮ መመርመሩን ነበር። ከእነዚህም ጋር እንጨት መሸከሙን፣ ድንጋይ መጥረቡን፣ መትከሉንና ማጠጣቱን ይጠቅሳል። እርሱ የተከለውን፣ ባስልዮስም ውኃ ያጠጣውን አንድ ዛፍ ለይቶ ያነሣል። ስትቀልዱበት የነበረውን ድካም ቆይታችሁ ስትናፍቁት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ከዶማው ሲያርፉ ያነቡ ነበር። የእስክንድርያው አርጌንስ ብዙ መጻሕፍትን የጻፈ ሰው ነው፤ ከትምህርቱ ግን ቤተ ክርስቲያን የማትቀበለው አለ። ሁለቱ ወዳጆች እንደ ንብ ሆነው መጻሕፍት ቅዱሳትን ለመረዳት የሚጠቅመውን ቀስመው፣ ፊሎቃልያ የተባለውን ስብስብ አዘጋጁ። ጎርጎርዮስ በሽምግልናው ከዚህ መጽሐፍ አንዱን ቅጂ ለአንድ ኤጲስ ቆጶስ ስጦታ አድርጎ ልኮታል። ንጉሡም ጉባኤውም ካለፉ በኋላ በዚያ ጓሮ አጠገብ የተነበበው ቀረ።

❖ ንጉሥ ሲለወጥ

በ361 ያ የአቴናው ተማሪ ዩልያኖስ ነገሠ። ክርስትናን ክዶ የጣዖታቱን ቤት አስከፈተ። በ362 ባወጣው ሕግም ክርስቲያን መምህራን የጥንት ግሪኮችን መጻሕፍት እንዳያስተምሩ ከለከለ። ዕድሜውን በመጽሐፍ ላይ ላሳለፈው ለጎርጎርዮስ ይህ ትልቅ ቁስል ነበር። ወንድሙ ቄሳርዮስም በቤተ መንግሥት በሐኪምነት ያገለግል ስለነበር፣ ጎርጎርዮስ ከዚያ እንዲወጣ ጽፎ መከረው፤ እርሱም ትቶ ወጣ።

በዚሁ ወራት አባቱ ሳይወድ በግድ ቅስና ሾመው። ጎርጎርዮስ ደንግጦ ወደ ባስልዮስ ሸሸ። ነገር ግን በ362 ለፋሲካ ተመልሶ መጣ፣ ለምን እንደሸሸና ለምን እንደተመለሰም ለሕዝቡ በሰፊው አስረዳ። የዚህ አባት ሕይወት በሙሉ እንደዚህ ነው፤ ወደ ጸጥታ ይሸሻል፣ ሲጠሩት ደግሞ ይመለሳል።

ዩልያኖስ በ363 በፋርስ ጦርነት ሞተ። ጎርጎርዮስ በእርሱ ላይ ሁለት ብርቱ ንግግሮች ጻፈ። ቁጣው ጽኑ ነው፣ አልሸሸገውም። ነገር ግን በመጨረሻው ላይ ክርስቲያኖች ተራው ደርሶናል ብለው እንዳይበቀሉ፣ የበደሏቸውን በትዕግሥት እንዲያሸንፉ መከረ። ወገን ወገንን ለመበቀል ቀን በሚቆጥርበት ዘመን ይህ ምክር ዛሬም ይሠራል።

❖ ሣር የሌለባት ሀገረ ስብከት

ከ364 ጀምሮ የነገሠው ዋሌንስም አርዮሳዊ ነበር። ባስልዮስ በ370 የቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ ከሆነ በኋላ፣ ንጉሡ ቀጰዶቅያን ለሁለት ከፈላት። ባስልዮስ ወገኑን ለማጠናከር በየቦታው ኤጲስ ቆጶሳት ሾመ፤ ወዳጁን ጎርጎርዮስንም ለሳሲማ ሾመው። ሳሲማ የመንገድ መጋጠሚያ ነበረች። ውኃና ልምላሜ የላትም፤ ያላት አቧራ፣ የሠረገላ ጩኸትና የግብር ሰብሳቢዎች ዛቻ ነው። አትክልት የሚወድ ሰው ወደዚያ ተላከ። ጎርጎርዮስ እጅግ አዘነ፤ በወዳጁም ላይ ያደረበት ቅያሜ ለብዙ ዘመን አልጠፋም። ፖለቲካ በቅዱሳን ወዳጅነት መካከል እንኳ ገብቶ ሊያቆስል እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ቢሆንም ባስልዮስ ሲሞት ከሁሉ የሚበልጠውን የመታሰቢያ ንግግር ያደረገለት ይኸው ጎርጎርዮስ ነው።

ደስታውንም አልረሳም። ባስልዮስ እንግዳ ሆኖ ሊመጣበት በነበረ ጊዜ፣ መልካም ጓሮ ከነበረው ከዘመዱ ከአምፊሎክዮስ አትክልት እንዲላክለት ለመነ። የመጣለት ጥቂት ቢሆን ደግሞ ወርቅ ነው እንዴ የሰሰትክብን በሚል መንፈስ ቀለደበት።

ከ368 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ወንድሙን፣ እኅቱን፣ አባቱንና እናቱን በየተራ ቀበረ። ከዚያም በሰሌውቅያ ወደሚገኘው ወደ ቅድስት ቴክላ ገዳም ሄዶ በጸጥታ ተቀመጠ።

❖ ቁስጥንጥንያ

በ379 እንደገና ተጠራ። የቁስጥንጥንያ አብያተ ክርስቲያናት በአርዮሳውያን እጅ ነበሩ። ጎርጎርዮስ በዘመዶቹ ቤት ትንሽ ጸሎት ቤት ከፈተና አናስታስያ፣ ማለትም ትንሣኤ ብሎ ሰየማት። በፋሲካ ሌሊት በድንጋይ ወገሩት። ሊገድለው የመጣ አንድ ወጣትም ልቡ ተሰብሮ በእግሩ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ጎርጎርዮስም ይቅር አለው። በ380 ስለ ምሥጢረ ሥላሴ አምስቱን ታላላቅ ትምህርቶች ያስተማረው በዚያች ትንሽ ቤት ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ያነበበውና የጸለየው ሁሉ እዚህ ፍሬ ሰጠ።

በኅዳር 380 ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ለኦርቶዶክሳውያን መለሰ። በ381 መቶ ሃምሳው ሊቃውንት በቁስጥንጥንያ ተሰበሰቡ። የአንጾኪያው ሜሌጥዮስ በጉባኤው መካከል ሲያርፍ ጎርጎርዮስ ሰብሳቢ ሆነ። በአንጾኪያ ስለነበረው መከፋፈል ያቀረበውን የሰላም ሐሳብ ግን አልተቀበሉትም። ቀድሞ ለሳሲማ ተሹሞ ነበርና ወደ ቁስጥንጥንያ መዛወሩ ሕግ መጣስ ነው የሚሉም ተነሡ። መከራከር ይችል ነበር፤ ንጉሡም ይወደው ነበር። እርሱ ግን ማዕበሉ ጸጥ ይል ዘንድ እንደ ነቢዩ ዮናስ ራሱን አሳልፎ ሰጠ። የዋና ከተማውን መንበር ትቶ፣ ሕዝቡን ተሰናብቶ ሄደ።

❖ አርያንዝ

ወደ ናዚያንዙ ተመልሶ እረኛ ያጣውን የአባቱን ሕዝብ ለጊዜው ጠበቀ። በ382 ዐቢይ ጾም ከመናገር ጾሞ፣ አንደበቱን ዘግቶ ሰነበተ፤ ለወዳጆቹ መልስ የሚሰጠው በጽሑፍ ብቻ ነበር። በሺህ ሕዝብ ፊት የተናገረ ሰው፣ ክርክሩ ገና በጆሮው እያለ፣ ምላሱን አስጾመ። በ383 ለከተማይቱ ኤጲስ ቆጶስ ሲሾምላት ወደ ተወለደበት ርስት ወደ አርያንዝ ገባ። እዚያ ምንጭና ጥላ ያለው አትክልት ነበረው። በ390 ገደማ እስኪያርፍ ድረስ ታመመ፣ ጾመ፣ አነበበ፣ ደብዳቤና ግጥም ጻፈ። እስከ ዛሬ የደረሱን ግጥሞቹ ከ17,000 መስመር በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም የእነዚህ የመጨረሻ ዓመታት ሥራዎች ናቸው።

አትክልቱ ኀዘኑን ሁሉ አጠፋለት ብለን ግን አንዋሽም። በአንድ ግጥሙ በዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን እንደተቀመጠ ይናገራል። ነፋሱ ይነፍሳል፣ ወፎች ይዘምራሉ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በእግሩ ሥር ያልፋል፤ ልቡ ግን አዝኗል። ሰው ምንድን ነኝ ብሎ ይጠይቃል፣ ከራሱ ጋር ይሟገታል። አትክልቱ መልስ ባይሰጠውም ጥያቄውን በእግዚአብሔር ፊት የሚያቀርብበት ስፍራ ሆነለት። ለተጨነቀ ሰው ይህም ብዙ ነው።

❖ ለእኛስ?

ምእመናን፣ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዕረፍቱን ያገኘው ነገሥታቱ መልካም ስለሆኑ አይደለም። በዕድሜው አርዮሳዊም፣ ከሃዲም፣ ኦርቶዶክሳዊም ንጉሥ አይቷል፤ የከበደውም ከወዳጆቹና ከወንድሞቹ ጳጳሳት የመጣው ነበር። የሀገር ወሬ መልካም እስኪሆን ብንጠብቅ ዕድሜያችን ሳናርፍ ያልቃል። እርሱ ወደ ጸጥታ የሄደው ከሰው ለመጥፋት አልነበረም፤ ሲጠሩት በተሰበሰበ ልብ ለመነሣት ነው።

ብዙዎቻችን በዚህ በስደት አገር የራሳችን ጓሮ የለንም። ነገር ግን በረንዳ ላይ አንድ ጣሳ አፈር፣ በውስጡም ናና ወይም በሶብላ ማብቀል አይከብድም። በሰው ቤት የምታገለግሉ እኅቶች፣ የአሠሪዎቻችሁን አበባ ስታጠጡ በልባችሁ አቡነ ዘበሰማያትን ብትደግሙ፣ ያ ጓሮ ለእናንተ ገዳም ይሆናል። የሚበቅል ነገር በጩኸት አይፈጥንም፤ በየቀኑ ጥቂት ውኃ ይበቃዋል። ልባችንም እንደዚሁ ነው።

ማታም ስልኩን ለወሬ ከመክፈታችሁ በፊት የዕለቱን ዳዊት አድርሱ፣ ከቅዱሳን መጻሕፍት አንድ ገጽ አንብቡ። ወሬውን ከዚያ በኋላ ብትሰሙት ለቤተሰባችሁና ለሀገራችሁ የምትጸልዩበት ጉልበት ይኖራችኋል። ተራ የደረሰን ሲመስለንም በቀልን አንመኝ። ቂም የያዝንበት ወዳጅ ካለ፣ ጎርጎርዮስ ባስልዮስን እንዳከበረው፣ መልካሙን አስታውሰን እንጥራው።

ለሀገራችን ሰላምን፣ ለልባችንም ዕረፍትን ይስጥልን። የአባታችን የቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ጸሎቱና በረከቱ በሁላችን ላይ ይደር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።