ቅድስት ወለተ ጴጥሮስና የፍቅር ወሰን

ሰውን መውደድ የሰውን ፈቃድ ሁሉ መፈጸም ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ከዚህም የተነሣ ባልንጀራቸውን ላለማሳዘን ሲሉ ኅሊናቸውን የሚያቈስሉ አሉ፤ መታገሥ ባቃታቸውም ጊዜ ፈጽመው በጥላቻ የሚለዩ አሉ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በኑሮዋ ያስተማረች እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናትና ታሪኳን በአጭሩ እንመልከት።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ በ1584 ዓ.ም. ገደማ ተወለደች። ወላጆቿ ከመኳንንት ወገን ነበሩና ለዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ለመልክአ ክርስቶስ ዳሯት። ሦስት ልጆችን ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚህ ኀዘን በኋላ ልቧ ወደ ምናኔ አዘነበለ።

ያ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ የኢየሱሳውያንን ትምህርት ተቀብለው አገሩን ወደ ሮም ሃይማኖት ለማግባት የተነሡበት የመከራ ዘመን ነበር። ባሏም ለንጉሡ ሊዋጋ በዘመተ ጊዜ ከመነኮሳት ጋር ቤቷን ትታ ወደ ጣና ገዳማት ሄደች፤ ጠጕሯንም ተላጨች። መልክአ ክርስቶስ ግን ይህን በሰማ ጊዜ እርሷን ለማግኘት ሲል አንዲት ከተማ አጠፋ። አባቶችም እንድትመለስ መከሯት፤ እርሷም ወደ ቤቱ ተመለሰች።

ይህ መመለሷ የፍርሃት ሥራ ነው አንልም። ለነፍሷ የወሰነችው ነገር ዋጋው በድሆች ቤት መቃጠልና በንጹሓን እንባ እንዲከፈል አልወደደችም። ወሰን የሚያበጅ ሰው ዋጋውን ራሱ ይሸከማል እንጂ በሌላው ትከሻ ላይ አይጭንምና።

ከዚህ በኋላ በ1609 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ባሏ በዚህ ደም እጁ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ ከእርሱ ጋር መኖር የማይቻል ሆነ። በሃያ አምስት ዓመቷ ዳግመኛ ከቤቱ ወጥታ መነኰሰች። የመጀመሪያው መለየት የምናኔ ናፍቆት ነበረ፤ ሁለተኛው ግን የኀጢአት ተባባሪ ላለመሆን የቆመ አጥር ነው። ከሰውየው ክፉ ሥራ ተለየች እንጂ ጦር አስነሥታ ልትበቀለው አልሞከረችም።

የዚህንም ፍሬ እንይ። የተዋሕዶን ሃይማኖት በግልጥ በማስተማሯ ወደ ንጉሡ አደባባይ ቀረበች፤ ዘመዶቿና ባሏም እንዳትገደል ለመኑላት። ወደ ዋልድባና ወደ ሰለምት ሄዳ በማስተማሯ በ1617 ዓ.ም. ዳግመኛ በተከሰሰች ጊዜ ንጉሡን ከመግደል የመለሰው ያው መልክአ ክርስቶስ ነው። አልፎንሱ ሜንዴዝም ሊያስለውጣት ደክሞ አልሆነለትም። በመጨረሻ ወደ ሱዳን በረሃ ለሦስት ዓመት ተጋዘች። እንግዲህ የተለየችው ሰው ለሕይወቷ የቆመላት ከሆነ፣ በመካከላቸው አጥር እንጂ የጥላቻ ገደል እንዳልነበረ እናስተውላለን።

በስደትም በዙሪያዋ ወንዶችና ሴቶች ተሰበሰቡ፤ በጊዜ ብዛት የምትመራቸው ማኅበሮች ሰባት ሆኑ። የምትወዳት ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ከእርሷ ጋር በምንኵስና ኖራለች፤ በኋላም በእመ ምኔትነት ተተክታለች። በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የተዋሕዶን ሃይማኖት ለአገሩ መለሱ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስም ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመቷ ዐረፈች። ገድሏን ከ30 ዓመት በኋላ አባ ገላውዴዎስ ጻፈው።

ከማኅበሮቿ አንዱ በዘጌ ነበር። ዘጌም እንደ ሚዛን ተፈሪና እንደ ቴፒ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና የምታበቅል ምድር ናት። መታሰቢያዋ በሚውልበት በኅዳር ወር በደቡብ ምዕራብ አገራችን ቡና ይለቀማል፤ ገንዘብም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል፤ የዘመድ ልመናና የጎረቤት ቅሬታም ይበዛል። ስለዚህ ትምህርቷ ለዚህ አገር ምእመናን ቅርብ ነው። ወንድምህ የለቀማውን ገንዘብ በመጠጥ የሚያጠፋ ቢሆን ብር ብትከለክለው አልበደልኸውም፤ እንጀራህን ግን አትከልክለው፤ ቢታመም ጠይቀው። አንቺም እኅቴ፣ ቡና በተፈላበት ሐሜት ቢነሣ ባለቤቲቱን ሳታሳፍሪ ነገሩን ወደ ሌላ መልሺ፤ ባይሆንም አመስግነሽ ተነሺ። አባታችን አብርሃም ከሎጥ ጋር በእረኞች ጠብ ምክንያት በተለየ ጊዜ ምርጫውን ለታናሹ ሰጠው፤ ሎጥ በተማረከም ጊዜ ሊያድነው ወጣ።

ይህን ስንል ትዳርን ማፍረስ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ባልና ሚስት በተጋጩ ጊዜ ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ፤ ሽማግሌም ያስታርቃቸው። ነገር ግን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን የመጀመሪያ መመለስ ይዞ፣ በዱላ የምትሠቃየውን ሴት ታገሺ ብሎ ወደ ዱላው መስደድ የአባት ምክር አይደለም። ካህኑ አስቀድሞ ነፍሷንና ልጆቿን በሰላም ቦታ ያኑር፤ የዕርቁ ነገር ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

እንግዲህ ወሰናችንን ስናበጅ ሦስት ነገር እንመርምር፤ ከክፉ ሥራ እንጂ ከሰው ተለይተን እንዳልሆነ፣ ዋጋውን በሌላው ላይ እንዳልጫንን፣ የተለየነውም ሰው ቢቸገር እጃችን ለመርዳት የተዘጋጀ እንደ ሆነ። የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጸሎቷና በረከቷ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።