በላይ ዘለቀ፦ ከሽፍትነት ወደ ሕዝባዊ እንቅስቃሴ መሪነት

መግቢያ

ስለ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ የተጻፈውም ሆነ በቃል የሚነገረው ታሪክ በአመዛኙ በጀግንነቱና በአሟሟቱ ላይ ያተኮረ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን የሕይወት ታሪኩን በሌላ ጥያቄ በኩል ይመለከታል። ከመኳንንት ወገን ያልተወለደ አንድ የገጠር ሰው በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎችን አሰልፎ አምስት ዓመት ያህል የዘለቀ እንቅስቃሴ መምራት የቻለው በምን ምክንያት ነው? እንቅስቃሴው ወራሪውን ካስወጣ በኋላስ የመሪውን ሕይወት እንኳ ማዳን ያልቻለው ለምንድን ነው?

የማኅበራዊ እንቅስቃሴዎች ጥናት ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ችግር ብቻውን እንቅስቃሴ እንደማይወልድ ነው። ግብር የከበደበት፣ መሬቱን የተነጠቀ ወይም ፍትሕ ያጣ ሕዝብ ለረጅም ዘመን ዝም ብሎ ሊኖር ይችላል። ዝምታው የሚሰበረው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው፦ ችግሩ የግለሰብ ዕድል ሳይሆን የጋራ በደል ሆኖ ሲታይ፣ ሰዎችን የሚያስተሳስር መተማመን ያለበት ግንኙነት ሲኖር፣ እንዲሁም የገዢው ኃይል የሚናጋበት አጋጣሚ ሲፈጠር። የበላይ ዘለቀ ሕይወት እነዚህ ሦስቱ በጎጃም ገጠር እንዴት እንደተገናኙ፣ በኋላም እንዴት እንደተለያዩ ያሳያል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።

የጎጃም ገጠር ማኅበራዊ መሠረት

በቢቸናም ሆነ በዳሞት፣ በቡሬም ሆነ በሞጣ የጎጃም ገበሬ ኑሮ የተመሠረተው በርስት ላይ ነበር። ርስት ከአንድ አቅኚ አባት የሚወለዱ ሁሉ የሚካፈሉት መብት እንጂ አንድ ሰው እንደ ዕቃ የሚሸጠው ንብረት አልነበረም። መብቱ የሚረጋገጠው በዘር ቆጠራና በሽማግሌዎች ምስክርነት ነው። ስለዚህም መሬት ከእህል ማምረቻነት አልፎ የሰው ማንነት መለኪያ ነበር። ርስት የሌለው ሰው በጉባኤ ላይ ቃሉ አይሰማም፤ ልጁን ለመዳርም ይቸገራል።

በዚህ ምክንያት ገበሬው ከግብሩ መጠን ይበልጥ የሚፈራው የመሬት መለካትን ነበር። በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ቀላድ የተጣለበት መሬት ለመንግሥት፣ ለመኳንንትና ለወታደር ሲከፋፈል የቀድሞው ባለመሬት ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱ በጎጃም ይታወቅ ነበር። ለገበሬው ገመድ ይዞ የሚመጣ ሹም የግብር ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን ርስት የሚነቅል ሰው ነበር። ይህ ሥጋት በየዘመኑ እየታደሰ የአካባቢውን ሕዝብ በአንድ ቋንቋ ያነጋገረ የጋራ ትርጉም ሆኗል።

ሁለተኛው መሠረት ሽፍትነት ነው። በዳኛ ፊት ፍትሕ ያጣ ወይም ደም ያለበት ሰው ዱር ቤቴ ማለቱ በማኅበረሰቡ ዘንድ የታወቀ መንገድ ነበር። ደሃውን የሚዘርፍ ሽፍታ ይወገዛል፤ በሹም ተበድሎ የሸፈተ ግን ከዘመዶቹ ስንቅ፣ ከጎረቤቶቹ ወሬ ያገኛል። የታሪክ ምሁሩ ኤሪክ ሆብስባውም ማኅበራዊ ሽፍታ በማለት የሰየመው ዓይነት ሰው በመንግሥት ዘንድ ወንጀለኛ፣ በገበሬው ዘንድ ግን የወገን ልጅ ነው። ይህ አስተያየት ለጎጃም በከፊል ይሠራል። በከፊል የተባለውም በጎጃም ሽፍትነት የገበሬው ብቻ ሳይሆን ሹመት የቀረበት መኳንንት ሁሉ የሚሄድበት መንገድ ስለነበረ ነው።

ልጅነትና የሽፍትነት ዘመን

በላይ ከአባቱ ከዘለቀ ላቀው እና ከእናቱ ከወይዘሮ ጣይቱ አሰኔ ተወለደ። አባቱ የልጅ ኢያሱ አገልጋይ ነበር። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ በእርሳቸው ጥላ ሥር የነበሩት ሁሉ ተሳዳጆች ሆኑ፤ ዘለቀ ላቀውም ከመንግሥት ወገን በመጡ ኃይሎች ተገደለ። በላይና ወንድሙ እጅጉ በእናታቸው አገር በቢቸና፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘቀዝቀው ምድር አደጉ።

ከሥርወ መንግሥቱ ለውጥ ጋር የተያያዘው የአባቱ ሞት ለበላይ ሁለት ውርሶችን ትቶለታል። አንደኛው የደም ቂም ነው፤ ሁለተኛው በመንግሥት ሹማምንት ላይ ያለ አለመተማመን ነው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ሸፍቶ በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የቆየውም በእነዚህ ምክንያቶች ነበር። የበረሃው ኑሮ የመሬቱን አቀማመጥ፣ የመሻገሪያዎቹን ሥፍራ፣ የትኛው መንደር ስንቅ እንደሚሰጥና የትኛው እንደሚጠቁም አስተማረው። በኋላ የአርበኝነቱ ስንቅ የሆነው ይኸው ዕውቀት ነበር።

የአርበኝነት ዘመን፦ ሁለት የአመራር መልኮች

የጣሊያን ጦር በ1928 ዓ.ም. ወደ ጎጃም ሲገባ ያጋጠመው ተቃውሞ አነስተኛ ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት የጎጃም ሰው በማዕከላዊው መንግሥት ላይ የነበረው ቅሬታ ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከተሻሩና ከታሰሩ ወዲህ ጠቅላይ ግዛቱ በሸዋ ሹማምንት ይተዳደር ነበር። ሁኔታው የተለወጠው ወራሪው መሣሪያ ማስፈታት ሲጀምርና የየአካባቢው ታላላቅ ሰዎች መታሰርና መገደል ሲበዛ ነው። ለጎጃም ገበሬ ጠመንጃ የርስቱ ዘበኛ ነበር፤ ጠመንጃውን ከቀማው በኋላ ርስቱን እንደሚቀማው አልተጠራጠረም። በ1929 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው አመፅ በሚቀጥለው ዓመት መላውን ጎጃም አዳረሰ።

አመፁ ግን አንድ ወጥ አመራር አልነበረውም። በምዕራብ፣ በቡሬና በዙሪያዋ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ በዳሞት ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በሞጣ በኩል ልጅ ኃይሉ በለው ይመሩ ነበር። ሦስቱም በደም ወይም በጋብቻ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ተከታይ ያፈሩትም በአብዛኛው በቆየው የጌታና የሎሌ ግንኙነት ነበር። ይህ አደረጃጀት ሰውን ፈጥኖ ለማሰባሰብ ቢጠቅምም የመኳንንቱን የቆየ ፉክክር ይዞ መጣ። ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ተሻግረው ጎጃም ሲገቡ ቀዳሚ ሥራቸው ካደረጓቸው ጉዳዮች አንዱ መንገሻንና ነጋሽን ማስማማት ነበር።

በምሥራቅ፣ በቢቸና የበላይ አመራር ከዚህ የተለየ ነው። የሚጠቅሰው የመሳፍንት ዘር ስላልነበረው ሥልጣኑን በሥራው ማረጋገጥ ነበረበት። አባ ኮስትር በሚል የፈረስ ስም የታወቀው ይህ መሪ በሚቆጣጠረው አካባቢ ዳኛ ሾመ፤ ስንቅ የሚዋጣበትን ሥርዓት አቆመ፤ ለተከታዮቹም ደጃዝማችነትን ጨምሮ ከፍተኛ ማዕረጎችን ሰጠ። ለራሱ ግን እናቱ ካወጣችለት ስም የበለጠ ማዕረግ እንደማያስፈልገው መናገሩ በጎጃም ሲወሳ ይኖራል።

ማዕረግ መስጠቱን አንዳንዶች እንደ ድፍረት አይተውታል። ከማኅበራዊ እንቅስቃሴ አንፃር ሲታይ ግን ትልቅ ትርጉም አለው። በዘመኑ ማዕረግ ከንጉሥ የሚሰጥ፣ በትውልድ የሚጠበቅ ክብር ነበር። በላይ ይህን ክብር በጦር ሜዳ ሥራ ለሚገኝ ገበሬ በመክፈት ነባሩን የሥልጣን ቋንቋ ሳይጥል ባለቤቱን ለወጠው። ገበሬው አዲስ ቃል መማር አላስፈለገውም፤ የሚያውቀው ቃል ለእርሱ ሲውል አየ። እንቅስቃሴዎች ጉልበት የሚያገኙት ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት መንገድ ነው፤ አሮጌውን ምልክት ለአዲስ ሰው በማልበስ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። በዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦርና አርበኞቹ የቡሬን ምሽግ ካስጨነቁት በኋላ ጣሊያኖች በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀው ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምትገኝበት መስመር ወደ ደምበጫ አፈገፈጉ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከደብረ ማርቆስ የወጣው የጣሊያን ጦር በሰፈርታክ በኩል ዓባይን ሲሻገር በላይ መንገዱን አለመዝጋቱን የእንግሊዝ መኮንኖች በራስ ኃይሉ ማግባቢያ ምክንያት አድርገው ጽፈዋል። ክሱ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው። ሆኖም ከክርክሩ ባሻገር አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ድሉ ሲቃረብ የየአካባቢው መሪዎች ዓይን ከጠላት ይልቅ ከጠላት በኋላ ወደሚመጣው ሥልጣን ዞሮ ነበር።

ከድል በኋላ

የተመለሰው መንግሥት ለጎጃም አርበኞች የሰጠው ሹመት የአርበኝነቱን ሥራ ሳይሆን የዘር ተዋረድን የተከተለ ይመስላል። ኃይሉ በለው ራስ ተብለው ጎጃምን እንዲገዙ ተሾሙ፤ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ ቢትወደድ ሆኑ። በላይ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን ተሰጠው። እርሱ ራሱ ደጃዝማች ሲል የሾማቸው ሰዎች ባሉበት ይህ ሹመት ምን ዓይነት ስሜት እንደሚፈጥር መገመት አያዳግትም።

ጉዳዩን የግል ቅሬታ ብቻ አድርጎ ማየት ግን ስህተት ይሆናል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ድንጋጌ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ተመነ። ይህን ለመፈጸም መሬቱን መለካት ያስፈልግ ነበር። የጎጃም ገበሬም የቆየ ሥጋቱ ተቀስቅሶ እምቢ አለ። በላይ በ1935 ዓ.ም. ከመንግሥት ጦር ጋር በሶማ ተራራ ሲዋጋ ጠቅላይ ግዛቱ በዚህ ቅሬታ ውስጥ ነበር። ሆኖም የእርሱ ሽፍትነትና የገበሬው የግብር ተቃውሞ ጎን ለጎን ሄዱ እንጂ በአንድ ጥያቄ ሥር አልተጠቃለሉም።

በላይ በሽምግልና እጁን ከሰጠ በኋላ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱም ወደ እስራት ተለወጠለት። አዲስ አበባ ታስሮ ሳለ ለማምለጥ ሞክሮ ተያዘና በጥር 1937 ዓ.ም. ከወንድሙ ከእጅጉ ጋር በስቅላት ተቀጣ። አብረዋቸው ከተሰቀሉት አንዱ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው የነበሩት ልጅ ማሞ ኃይሉ ናቸው። አርበኛውና ባንዳ የተባለው በአንድ ቀን መሰቀላቸው በሕዝቡ ዘንድ ከቅጣቱ ባልተናነሰ አስቆጭቷል።

በዚያው በ1937 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የመሬት ግብር አዋጅ ግን ጎጃምን፣ ትግሬንና በጌምድርን ከልኬታው ነፃ አድርጎ ቀድሞ በነበረው ተመን እንዲከፍሉ ፈቀደ። መንግሥት መሪውን በሰቀለበት ዓመት የገበሬውን ዋነኛ ጥያቄ ተቀብሏል ማለት ነው። ይህ የሁለት ክንውኖች መገጣጠም አንድ መንግሥት ተቃውሞን የሚያስተናግድበትን የታወቀ ስልት ያሳያል፤ ጥያቄውን በከፊል መመለስ፣ ጥያቄውን ወደ ሥልጣን ጥያቄ ሊያሳድግ የሚችለውን ሰው ግን ማስወገድ።

የ1960 ዓ.ም. አመፅና የበላይ ውርስ

በ1960 ዓ.ም. ዓሥራትን የሚተካ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም እንደገና ተነሣ። ቢቸና፣ ሞጣና ዋና ከተማው ፍኖተ ሰላም የነበረው የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ የአመፁ ዋና ሥፍራዎች ነበሩ። ገበሬዎቹ ገማቾችን ወደ ቀበሌያቸው አላስገቡም፤ በየደብሩ ጉባኤ እየተቀመጡ መሐላ ተጋቡ፤ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ እንዲነሡ ጠየቁ። ከመሪዎቹ መካከል የቀድሞ አርበኞች ይገኙበታል። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ቢያዘምትም በመጨረሻ ገዢውን አነሣ፤ ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የተጠራቀመውንም የግብር ዕዳ ማረ።

ሁለቱን ዘመናት ማነፃፀር ይጠቅማል። በበላይ ዘመን እንቅስቃሴው በአንድ ሰው ስም የቆመ ነበር፤ ሰውየው ሲያዝ ቆመ። በ1960 ዓ.ም. ግን መሪዎቹ ብዙ፣ ጥያቄው አጭርና ግልጽ፣ መሰባሰቢያውም ቤተ ክርስቲያንና የአጥቢያ ጉባኤ ነበሩ። ስለዚህ አንድን ሰው በማሰር ሊገታ አልቻለም። የሁለቱም ወሰን ግን አንድ ነው። ሁለቱም የነበረውን ርስት ለመጠበቅ ተነሡ እንጂ የተሻለ የመሬት ሥርዓት አላቀረቡም፤ ርስት ለሌለው ሸማኔ፣ አንጥረኛና ሸክላ ሠሪም ቦታ አልነበራቸውም።

ማጠቃለያ

የበላይ ዘለቀ የሕይወት ታሪክ የሚያስገነዝበው የመሪ ጀግንነት ከማኅበራዊ መሠረቱ ተነጥሎ ሊታይ እንደማይገባ ነው። ከአባቱ ሞት የወረሰው ቂም፣ የገበሬው የርስት ሥጋትና የወራሪው መሣሪያ የማስፈታት ዘመቻ ሲገጣጠሙ ሽፍታው የሕዝብ መሪ ሆነ። ከድል በኋላ ወራሪው ሲጠፋ የጋራው ጥያቄ ተበተነ፤ መኳንንቱ ወደ ሹመታቸው፣ ገበሬው ወደ ግብር ክርክሩ ሲመለሱ በላይ ከሁለቱም ተነጥሎ ብቻውን ቀረ። ዛሬ ስሙ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ይነበባል። ለተመራማሪ ግን ገና ሰፊ ሥራ የሚጠብቀው ከስሙ ጀርባ ባሉት ሰዎች ዘንድ ነው፤ ስንቅ ያቀበሉት መንደሮች፣ መልእክት ያደረሱት ሴቶችና ማዕረግ የተቀበሉት ገበሬዎች ከድል በኋላ ምን እንደገጠማቸው ሲጠና የእንቅስቃሴው ታሪክ ይሟላል።