ሔለን ኬለርና ለላየንስ ክለቦች የሰጠችው አደራ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት የደጋ ቀበሌዎች ተዘዋውሮ የሠራ የሙያ ባልደረባችን ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። በዕድሜ የገፉ እናቶች ከአንገታቸው ማተብ ጋር ትንሽ ወረንጦ አንጠልጥለው ይታያሉ። ወረንጦዋ ጌጥ አይደለችም፤ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌናቸውን የሚወጋውን ሽፋሽፍት ለመንቀል የያዟት ናት። በሽታው ትራኮማ ነው። የመጽሔታችን አዘጋጆች የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ሔለን ኬለርን የመረጥሁት በዚህችው ወረንጦ ምክንያት ነው። ዝምድናው ወደ ፊት ይገለጣል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫቸዋለሁ።

ሔለን ኬለር በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ተስካምቢያ በምትባል ትንሽ ከተማ ጁን 27 ቀን 1880 ተወለደች። 19 ወር ሲሆናት በጽኑ ትኩሳት ታመመች፤ ከሞት ብትተርፍም ዓይኗም ጆሮዋም ጠፋ። ዓይኑን ያጣ ሰው ቢያንስ ጆሮው ይቀርለታል። በእኛ በጎጃም የቅኔና የድጓ ጉባኤ ቤቶች ዓይነ ስውር የሆኑ የኔታዎች መጽሐፍ ሳይገልጡ ደቀ መዛሙርታቸውን በቃል እያረሙ ኖረዋል፤ ለሔለን ግን ያም በር ተዘግቶባት ነበር። የምትፈልገውን መናገር፣ የሚነገራትን መስማት ያልቻለች ሕፃን በቁጣ የምትገነፍል፣ ያገኘችውን የምትሰብር ሆና አደገች።

ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀራት፣ ማርች 3 ቀን 1887፣ በቦስተን ከነበረው የፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተመረቀች አን ሱሊቫን የምትባል የ20 ዓመት ወጣት መምህርት ሆና መጣች። አን የድኻ አይሪሽ ስደተኞች ልጅ ነበረች። ገና በሕፃንነቷ ትራኮማ ይዟት ብርሃኗን ሊያሳጣት ደርሶ ነበር። እናቷ ከሞተች በኋላ ከታናሽ ወንድሟ ጋር በቴውክስበሪ የድኾች መጠለያ ተጣለች፤ ወንድሟም እዚያው ሞተባት። በተደጋጋሚ በተደረገላት ቀዶ ሕክምና ማየት የቻለችው በከፊል ብቻ ነው። እንግዲህ ይህች ዝነኛ መምህርት የተሠቃየችበት በሽታና የጎጃም እናቶችን ወረንጦ ያስያዘው በሽታ አንድ ነው ማለት ነው። ትራኮማ በአሜሪካም በኢትዮጵያም የሚፈልገው ቤት ውኃ የጎደለበትንና ሰው የተፋፈገበትን የድኻ ቤት ነው።

ከውኃ መቅጃው አጠገብ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላስረዝመውም። ኤፕሪል 5 ቀን 1887 አን በአንዱ የሔለን እጅ ላይ ውኃ እያፈሰሰች በሌላው መዳፏ ላይ የውኃን ስም በጣቷ ጻፈች፤ ሕፃኗም ለእያንዳንዱ ነገር ስም እንዳለው በዚያች ቅጽበት ተረዳች። ከዚያ ወዲህ ማንም አላቆማትም። በ1903 የሕይወት ታሪኳን አሳተመች፤ በ1904 ከራድክሊፍ ኮሌጅ በማዕረግ ተመረቀች።

የብዙ ሰው ዕውቀት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ለእኛ ለጤና ሰዎች ግን ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ባሉት ስድሳ ያህል ዓመታት ውስጥ ይገኛል። በ1906 የማሳቹሴትስ ግዛት ባቋቋመው የዓይነ ስውራን ኮሚሽን ውስጥ ተመደበች። በ1907 ደግሞ የጊዜው ጨዋ ሰው ስሙን ለመጥራት የሚያፍርበትን ጉዳይ፣ ማለትም በአባላዘር በሽታ ምክንያት አራስ ሕፃናት ዓይናቸው የሚጠፋ መሆኑን፣ ሴቶች በሚያነቡት ታዋቂ መጽሔት ላይ አውጥታ ጻፈች። መድኃኒቱ ሕፃኑ እንደ ተወለደ ዓይኑ ውስጥ የሚጨመር የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ነበር። ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ሲሆን፣ አዋላጅን ሁሉ እንዲጨምር ማስገደድ የሚችለው ግን ሕግ ብቻ ነው። ሔለን በጎ ፈቃድ የት ላይ እንደሚያበቃና የመንግሥት ሥራ የት ላይ እንደሚጀምር የተማረችው ከዚህ ይመስለኛል።

እንከን አልነበረባትም ለማለት አይደለም። በ1915 ጉድለት ይዞ የተወለደን ሕፃን ሳያክም እንዲሞት የተወውን የቺካጎ ሐኪም ደግፋ ጽፋለች፤ በዚያ ሚዛን ራሷ ብትመዘን ምን ሊፈረድባት እንደሚችል ያሰበች አይመስልም። ኑሮዋም የተደላደለ አልነበረም። ከ1920 እስከ 1924 ከአን ጋር ሆና በከተማ ከተማ የመዝናኛ መድረክ ላይ እየወጣች እንጀራዋን አገኘች። ብዙዎች ይህን እንደ ውርደት ቆጠሩባት፤ እርሷ ግን ሠርቶ ማደርን ከምጽዋት አብልጣ መረጠች። በ1924 ለአሜሪካ የዓይነ ስውራን ፋውንዴሽን መሥራት ጀመረች።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ቀን ጁን 30፣ 1925 ነው። በዚያ ዕለት በኦሃዮ ግዛት በሲዳር ፖይንት በተደረገው የላየንስ ክለቦች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ቀረበች። ላየንስ ሜልቪን ጆንስ በሚባል የመድን ሥራ ሰው አነሣሽነት በ1917 ቺካጎ ላይ የተመሠረተ፣ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ከግል ጥቅማቸው አልፈው ለአካባቢያቸው እንዲያገለግሉ የተሰባሰቡበት ማኅበር ነው። ሔለን ለጉባኤተኞቹ ያቀረበችው የምጽዋት ልመና አልነበረም። የዓይነ ስውራንን ጉዳይ የራሳቸው አድርገው እንዲይዙና መከላከል የሚቻለው ዕውርነት ፈጽሞ የሚጠፋበትን ቀን እንዲያፋጥኑ ነበር አደራ ያለቻቸው። ጉባኤው ተቀበለ፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ የዓይን ጤና የእነዚህ ክለቦች ዋነኛ ሥራ ሆነ።

አደራውን ለክለቦቹ ከሰጠች በኋላም የመንግሥትን በር ማንኳኳት አልተወችም። የአሜሪካ ኮንግሬስ በ1931 ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በመንግሥት ወጪ እንዲዘጋጁ ሲወስን፣ በ1935 በወጣውም የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ዓይነ ስውራን ድጎማ ሲያገኙ፣ ከገፋፉት ሰዎች አንዷ እርሷ ነበረች። አን ሱሊቫን በመጨረሻ ዘመኗ ብርሃኗን ፈጽሞ አጥታ በ1936 አረፈች። ሔለን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከ30 በላይ አገሮችን እየዞረች ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤትና ሕክምና እንዲቋቋም መሪዎችን ስትወተውት ቆይታ፣ ጁን 1 ቀን 1968 በ87 ዓመቷ ዐረፈች። የሁለቱም አመድ ዋሽንግተን በሚገኘው ካቴድራል ውስጥ ተቀምጧል።

አደራው ወደ እኛ አገር የደረሰው እርሷ ካለፈች ከ30 ዓመታት በኋላ ነው። ላየንስ በ1990 ሳይትፈርስት የተባለውን የዓይን ብርሃን ፕሮግራም ጀመረ፤ በ1999 ከካርተር ማዕከል ጋር ተጣምሮ በአፍሪካ ትራኮማንና ኦንኮሰርኪያሲስን መዋጋት ያዘ። ብዙም ሳይቆይ የአማራ ክልል ጤና ቢሮ የዚህ ሥራ ሸሪክ ሆነ። የሸክሙን ክብደት በ2006 የተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት አሳይቷል፤ በክልሉ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት 100 ሕፃናት ከ60 በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው።

አሠራሩን ላስረዳ። ገንዘቡ በልዩ ልዩ አገር ካሉ የክለብ አባላት ይዋጣል። አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ፋይዘር በነጻ ይሰጣል። ካርተር ማዕከል ዕቅዱን፣ ሥልጠናውንና መጓጓዣውን ይደግፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የመንግሥት ነው፤ ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት በጤና ጣቢያ የተመደቡ፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ሲሆኑ፣ ቤት ለቤት የሚቀሰቅሱትም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ከ2008 ጀምሮ የትራኮማው መድኃኒት ዕደላ ከወባ ምርመራ ጋር ተዳምሮ በአንድ ሳምንት ዘመቻ በሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ ይሰጥ ጀመር። የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው ቁመት በሚለካ እንጨት ስለሆነ፣ ሚዛን በሌለበት የቀበሌ ዛፍ ጥላ ሥር እንኳ ሥራው ይቀጥላል። የትኛውም የበጎ አድራጎት ክለብ፣ ሀብቱ ምንም ያህል ቢበዛ፣ በየቀበሌው ይህን ሁሉ ሰው ሊያሰማራ አይችልም።

በሞጣ ዙሪያ ያለውን የሁለት እጁ እነሴ ወረዳም ሳላነሣ አላልፍም። ዝንብ በሽታውን እንዳያዛምት በዚያ ወረዳ የመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ ሲቀሰቀስ፣ በ2004 ቤተሰቡ በየደጁ ከታሰበው በላይ ቆፈረ። ከግንባር ቀደሞቹ መካከል ሴቶች ነበሩ። የብዙዎቹ ምክንያት ግን ዝንቡ አልነበረም፤ ለመጸዳዳት እስኪጨልም መጠበቅ ሰልችቷቸው ነበር። የእኛ ፖስተሮች ይህን ምክንያት አስቀድመው ቢያውቁት ኖሮ ብዙ ወረቀት በተረፈ ነበር!

ሥራው አልተፈጸመም። ኢትዮጵያ ዛሬም ከፍተኛ የትራኮማ ሸክም ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ የተቀለበሰ ሽፋሽፍትም ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ መልሶ የሚበቅልባቸው ሕሙማን አሉ። ለአንድ ዓመት በሚሰጥ ርዳታ የሠለጠነ ነርስ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር ተተኪውን ማን ያሠለጥን የሚለው ጥያቄ በየወረዳው በጀት ላይ ገና ተራ የሚጠብቅ ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያሉት እነዚያ እናቶች ግን ተራ እስኪደርሳቸው በወረንጦዋ እየነቀሉ ይቆያሉ።