ዋጋ የማይወጣላት፦ የቅድስት ጆሴፊን ባኪታ ሕይወት

በዚህ እትም የአንዲት ሴት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሴትዮዋ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ተብላ ትጠራለች። ታሪኳ ግን የየትኛውም እምነት ተከታይ የሆነች ሴት ልትሰማው የሚገባ ነው ብለን እናምናለን።

ጆሴፊን ባኪታ እ.ኤ.አ. በ1869 ገደማ በምዕራብ ሱዳን፣ በዳርፉር፣ ኦልጎሳ በምትባል መንደር ተወለደች። አባቷ የመንደሩ አለቃ ወንድም ስለነበር ቤተሰቧ የተከበረና ያልተቸገረ ነበር። ይሁን እንጂ ባሪያ ፈንጋዮች በመጀመሪያ ታላቅ እህቷን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ እሷን ጠልፈው ወሰዱ። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ከዘጠኝ ዓመት አይበልጥም ነበር።

ጠላፊዎቹ ባኪታ አሏት። በዐረብኛ ዕድለኛ ማለት ነው። ከድንጋጤዋ የተነሣ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ረሳችው፤ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስም ተመልሶ አልመጣላትም። ዓለም ዛሬ የሚያውቃት የሸጧት ሰዎች በሰጧት ስም ነው።

በባዶ እግሯ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እየተነዳች ኤል ኦቤይድ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ደጋግማ ተሸጠች። የአንዱ ጌታዋ ልጅ ደብድቧት ከተኛችበት ገለባ ከአንድ ወር በላይ መነሣት አቅቷት ነበር። በአንድ የቱርክ የጦር መኮንን ቤት ደግሞ ሰውነቷ በምላጭ ከመቶ በላይ ቦታ ተቆረጠ። ጠባሳው ጎልቶ እንዲቀርም በቁስሉ ላይ ጨው ተነሰነሰበት። ይህ ሁሉ ለጌጥ ተብሎ የተደረገ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1883 በካርቱም የጣሊያን ምክትል ቆንሲል የነበረው ካሊስቶ ሌኛኒ ገዛት። እሱ አልደበደባትም፤ ልብስ አለበሳት፤ በደግነት ያዛት። የመሐዲ ጦር ወደ ካርቱም ሲቃረብ ወደ አገሩ ለመመለስ ተነሣ። ባኪታም ይዟት እንዲሄድ ለመነችው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1885 ጣሊያን እንደ ደረሱ ሚኪዬሊ ለሚባሉ ወዳጆቹ በስጦታ ሰጣት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ እንፈልጋለን። ሌኛኒ ክፉ ሰው አልነበረም። ደግ ሰው ነበር፤ ቢሆንም ሰውን እንደ ዕቃ ሰጠ። እኛ ሂሳብ የምንይዝ ሰዎች ንብረት የሚመዘገብበትን ዓምድ በደንብ እናውቀዋለን። በዚያ ዓምድ የገባ ነገር በጥንቃቄ ቢያዝም፣ ቢጠገንም፣ ቢወደድም ያው ንብረት ነው። ደግነት ባኪታን ከዱላ አዳናት፤ ከንብረት ዓምድ ግን አላወጣትም።

ሚኪዬሊዎችም ሚሚና የምትባል ሕፃን ልጃቸውን እንድታሳድግ አደረጓት። ልጅቷ በጣም ትወዳት ነበር። በኋላ እመቤቲቱ በቀይ ባሕር ዳር በሱዋኪን ወደ ነበረው የባሏ ሆቴል ስትሄድ ሁለቱንም በቬኒስ በካኖሳ እህቶች ገዳም ተወቻቸው። ባኪታ ስለ እግዚአብሔር ተምራ ልቧ የረካው በዚያ ነው።

እመቤቲቱ ተመልሳ ልውሰድሽ ስትላት ባኪታ አልሄድም አለች። ገንዘብ፣ ዘመድም ሆነ አገር የሌላት፣ ቋንቋውን ገና የምትማር ወጣት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አለች። የገዳሙ አለቃ ከጎኗ ቆመች፤ ጉዳዩም ወደ ሕግ ሄደ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1889 የተሰጠው ውሳኔ በጣሊያን ባርነት የማይታወቅ መሆኑን ገልጾ፣ ባኪታ በሕግ ፊት መቼም ባሪያ እንዳልነበረች አረጋገጠ።

ከውሳኔው ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ዳኞቹ ነፃ አውጥተንሻል አላሏትም፤ ድሮም ነፃ ነበርሽ ነው ያሏት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰው ክብር የምታስተምረውም ይህንኑ ነው። ሰው በእግዚአብሔር አምሳል ስለ ተፈጠረ ክብሩን ንጉሥ፣ ሕግ ወይም ደግ ጌታ አይሰጠውም። ማንም አልሰጠውምና ማንም ሊነጥቀው አይችልም።

እውነቱን ለመናገር ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ይህን ትምህርት ሁልጊዜ አልኖረችበትም። እ.ኤ.አ. በ1838 በአሜሪካ በሜሪላንድ የነበሩ ኢየሱሳውያን ካህናት ዕዳቸውን ለማቃለል 272 ሰዎችን ሸጠዋል። በዓመቱ ጳጳስ ግሪጎሪዮስ 16ኛ የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ ደብዳቤ ጻፉ። ባኪታ ወደ ገዳሙ በገባችበት በ1888 ደግሞ ጳጳስ ሊዮን 13ኛ ባርነትን የሚቃወም መልእክት ለብራዚል ጳጳሳት ላኩ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሰውን በዘሩ፣ በጾታው፣ በቀለሙ፣ በኑሮ ደረጃው፣ በቋንቋው ወይም በሃይማኖቱ ማበላለጥ የእግዚአብሔርን ሐሳብ የሚቃረን መሆኑን በግልጽ አስተማረ። ከትምህርቱ እስከ ኑሮው ያለው መንገድ ረጅም እንደነበረ ከእነዚህ ዓመታት እንረዳለን።

ባኪታ እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 1890 ተጠመቀች። በ1896 የምንኩስና መሐላ ፈጸመች። ከ1902 ጀምሮ ስኪዮ በምትባል ከተማ ኖረች። ወጥ ሠራች፣ ጥልፍ ጠለፈች፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት ጠበቀች፣ በር ከፈተች። የከተማዋ ሰዎች በመጀመሪያ ጥቁር መነኩሲት ብርቅ ሆናባቸው ሊያዩዋት ይመጡ ነበር። ኋላ ግን ለልጆቻቸው ቡራኬ፣ ለችግራቸው ጸሎት ፍለጋ መጡ።

በእርጅናዋ ጊዜ ጣሊያን አገራችንን ወረረች። ብዙ የጣሊያን ጳጳሳትም ጦርነቱን ደገፉ። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ ዘርን ከዘር የሚለዩ ሕጎች ወጡ። የጥቁር ሕዝብ ንቀት በመንግሥት ደረጃ በሚሰበክበት በዚያ ዘመን፣ በዚያው አገር አንዲት ጥቁር ሴት እንደ እናት ትከበር ነበር።

የጠለፏትንና ያሰቃዩዋትን ሰዎች ይቅር እንዳለች፣ ብታገኛቸውም እጃቸውን እንደምትስም ትናገር ነበር። ይህ ግን በደሉ ቀላል ነበር ማለት አይደለም። በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ ሰንሰለቱ ከብዶኛል፣ አላሉልኝ እያለች አስታማሚዋን ትማጸን ነበር። ከስድሳ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አልፎ እንኳ የሕፃንነቷ ሰንሰለት ከሕልሟ አልወጣም። እ.ኤ.አ. የካቲት 8 ቀን 1947 አረፈች። በ2000 ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ቅድስት ብለው ሰየሟት። ያረፈችበት ዕለትም ከ2015 ጀምሮ በሰው የመነገድ ወንጀል ለተጎዱ ሰዎች የሚጸለይበት ቀን ሆኗል።

እህቶቻችን፣ ይህን ታሪክ የመረጥነው ሩቅ ስለሆነ አይደለም። የሰው ንግድ በእኛም ምድር ነበር፤ በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ንግዱን ቢያስቀርም ባሪያ የሚለው ስድብ ዛሬም ከአፋችን ይወጣል። ልጅ ልንድር ስንነሣ አጥንት እንቆጥራለን፤ የመልክ ጥቁረትና የአፍንጫ ቅርጽ እያነሣን እንቀልዳለን። በሌላ በኩል ወደ ዐረብ አገር ሄደው ፓስፖርታቸው የተያዘባቸው፣ ስማቸው የተለወጠባቸው ልጆች እናቶች በመካከላችን አሉ። በልጆቻችን ላይ ሲደርስ የምናለቅስበትን ነገር በቤታችን በሰው ልጅ ላይ እንዳናደርገው እንጠንቀቅ።

ብዙዎቻችን ሠራተኛችንን በደግነት እንይዛታለን፤ ያረጀ ልብሳችንን እንሰጣታለን፣ ስትታመም እናሳክማታለን። መልካም ነው። ሌኛኒም እንዲህ አድርጎ ነበር። ከዚህ አልፈን ደሞዟን በቀኑ እንክፈላት፤ የዕረፍት ቀኗን አንንካባት፤ የማታ ትምህርት መማር ከፈለገች አንከልክላት፤ በስሟ የቁጠባ ደብተር ይኑራት። አልፈልግም ስትልም እንስማት። እነዚህ ነገሮች መብቷ እንጂ የእኛ ቸርነት አይደሉም።

የባኪታን የመጀመሪያ ስም የሚያውቅ ሰው የለም። በቤታችን ያለችውን ልጅ ስም ግን እናውቀዋለን፤ አንቺ ልጅ ማለቱን ትተን በስሟ እንጥራት።